ሌሊት የሚጠፉ ቪኤሞችና የማያልቅ ላይቭ ማይግሬሽን፦ ፍለጋው ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ «እያንዳንዳቸው 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ያላቸው ሦስት ሰርቨሮች አሉን፤ ሁለቱ የቆዩ፣ ሦስተኛው አዲስ። ኬቪኤምን በሊብቨርት ነው የምናስተዳድረው። የቪኤሞቹ ዲስኮች በሙሉ የኪውካው2 ፋይሎች ሆነው በጋራ ኤንኤፍኤስ ስቶሬጅ ላይ ተቀምጠዋል። ኔትወርኩ ባለ 1 ጊጋቢት ሲሆን ሁሉም ነገር የሚሄደው በእሱ ነው። 48 ጊጋባይት ሚሞሪ የተመደበለት የዳታቤዝ ቪኤም ሲዛወር ከ90 በመቶ በላይ ይደርስና እዚያው ሲዞር ይቆያል። ወደ አዲሱ ሰርቨር የሚደረግ ዝውውር ደግሞ ገና ሲጀመር በሲፒዩ ሰበብ ይከለከላል። በዚህ ላይ አንዱ ቪኤም ሌሊት ጠፍቶ ይገኛል፤ የራሱ ሎግ ምንም አይልም። ሌላው ፖዝድ ሆኖ ያድራል። የተበላሸው ቪኤሙ ነው ወይስ ሃይፐርቫይዘሩ?»

ምላሽ፦

ካቀረቡት ዝርዝር ስነሳ የተበላሸ ነገር ያለ አይመስለኝም። ያሉት አራት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፦ የሚሞሪ ድልድል፣ የዲስክ ቦታ፣ የኔትወርክ ፍጥነትና የሲፒዩ አመራረጥ። በአንድ ሰሞን ስለታዩ አንድ በሽታ መሰሉ እንጂ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። በየተራ ላንሳቸው። ቃላቱን ባጭሩ፦ ቪኤም በሰርቨር ውስጥ የሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር ነው፤ ሆስት ተሸካሚው ሰርቨር፣ ጌስት በቪኤሙ ውስጥ የሚሠራው ሲስተም ነው። ሃይፐርቫይዘር ቪኤሞችን የሚያሠራው ሶፍትዌር (እዚህ ኬቪኤምና ኪውኢሙ)፣ ሊብቨርት ማስተዳደሪያው፣ «ቪርሽ» የሊብቨርት ትዕዛዝ መስጫ ነው። ላይቭ ማይግሬሽን ቪኤምን ሳያጠፉ ወደ ሌላ ሆስት ማዛወር፣ ፖዝድ ደግሞ ሳይጠፋ ባለበት የቆመ ማለት ነው።

አስቀድሜ ግን አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ። ቪኤሙ ጠፍቶ ሲያገኙት ወዲያው አያስነሱት። ለአምስት ደቂቃ ታግሰው ሁኔታውንና ሎጎቹን ቅጂ ይያዙ። ፖዝድ የሆነ ቪኤም አንዴ ከተዘጋ የቆመበት ምክንያት አብሮት ይጠፋል።

ማን ነው ያጠፋው?

አንድ ቪኤም በሦስት ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ቪኤሙን ተሸክሞ በሆስቱ ላይ የሚሠራው የኪውኢሙ ፕሮሰስ ሊሞት ይችላል። ወይም ሆስቱ ከነጭራሹ ይጠፋል። የሦስቱም ዱካ የሚገኘው የተለያየ ቦታ ላይ ነው። የጌስቱ ሎግ ምንም አለማለቱም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጉዳይ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።

ለማረጋገጥ «ቪርሽ ዶምስቴት» የሚለውን ትዕዛዝ ከ«--ሪዝን» ጋር ያስኪዱ፤ ሁኔታውን ከነምክንያቱ ይነግርዎታል። ቀጥሎ በሆስቱ ላይ «/ቫር/ሎግ/ሊብቨርት» ሥር ባለው የኪውኢሙ ፎልደር ውስጥ በቪኤሙ ስም የተሰየመውን ሎግ ይክፈቱና የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። «ሸቲንግ ዳውን» ከሚለው ጎን የተጻፈው ምክንያት «ሸትዳውን» ከሆነ ጌስቱ ራሱ በሥርዓት ጠፍቷል። «ዲስትሮይድ» ከሆነ ሰው ወይም ስክሪፕት በትዕዛዝ አጥፍቶታል። «ክራሽድ» ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሱ ለሊብቨርት ሳይነገረው ሞቷል። ሲግናል 15 ደርሶት እንደቆመ የሚናገር መስመር ካገኙ፣ ሲግናሉን የላከው ፕሮሰስ ቁጥር እዚያው ስለሚጻፍ ጥፋተኛውን መከታተል ይቻላል።

«ክራሽድ» ብሎ ከዚያ በፊት አንድም የስህተት መስመር ከሌለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሆስቱ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው። «ጆርናልሲቲኤል -ኬ» ብለው ቪኤሙ በጠፋበት ሰዓት አካባቢ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን ይፈልጉ። ሆስቱ ከዚያ ወዲህ ዳግም ተነስቶ ከሆነ «-ቢ -1» ጨምረው የቀደመውን ቡት ይመልከቱ። ከርነሉ ሚሞሪ ሲያልቅበት የሚገድለው በአብዛኛው ከፍተኛውን ሚሞሪ የያዘውን ፕሮሰስ ነው፤ በቨርቹዋላይዜሽን ሆስት ላይ ያ ፕሮሰስ ምንጊዜም ትልቁ ቪኤም ነው ማለት ይቻላል። ግድያው የሚፈጸመው በሲግናል 9 ስለሆነ ፕሮሰሱ አንዲት ቃል እንኳ አይተነፍስም። የቪኤሙም የኪውኢሙም ሎግ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

ለምን ሌሊት ብቻ?

ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለአንድ ቪኤም 32 ጊጋባይት ሲመደብለት፣ ሂዩጅ ፔጅ (ከተለመደው የተለቀ የሚሞሪ ቁራጭ) ካልተጠቀሙ ወይም ሚሞሪው አስቀድሞ እንዲያዝ ካላዘዙ በስተቀር፣ ሆስቱ 32 ጊጋባይቱን ወዲያው አይሰጠውም። ጌስቱ አንድን ፔጅ (ትንሽ የሚሞሪ ቁራጭ) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ ነው ሆስቱ ከእውነተኛው ራም ቆርጦ የሚሰጠው። ስለዚህ ድምራቸው ከ128 ጊጋባይት የሚበልጥ ቪኤሞች ያለ አንዳች ቅሬታ ይነሳሉ፤ ለቀናትም በሰላም ይሠራሉ። ሌሊት ባክአፕ በየጌስቱ ውስጥ ሲጀመር ፋይሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባሉ፤ የጌስቱ ከርነልም ያነበበውን በፔጅ ካሽ (የተነበበ ፋይል በሚሞሪ ውስጥ በሚቆይበት) ያስቀምጣል፤ ያልተነኩ የነበሩ ፔጆች ሁሉ ይነካሉ። አሥር ቪኤሞች በአንድ ሰዓት ይህን ሲያደርጉ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ድልድል እውነተኛ ዕዳ ይሆናል። ጌስቱ ካሹን በኋላ ቢለቅ እንኳ፣ ባሉን ወይም ፍሪ ፔጅ ሪፖርቲንግ (ጌስቱ የማይጠቀምበትን ሚሞሪ ለሆስቱ የሚመልስባቸው መንገዶች) ካልተዘጋጀ በስተቀር፣ የተለቀቀው ሚሞሪ ወደ ሆስቱ አይመለስም።

ስሌቱን እንዲህ ይሥሩት። ከ128 ጊጋባይቱ ከ8 እስከ 12 ጊጋባይት ለሆስቱ ይተዉ። እያንዳንዱ የኪውኢሙ ፕሮሰስ ከጌስቱ ሚሞሪ በላይ ለራሱ የሚፈልገው አለ፤ እንደ ቪሲፒዩውና እንደ ዲስኩ ብዛት ጥቂት መቶ ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ሆስት ላይ ለቪኤሞች የሚመደበው ድምር ከ110 ጊጋባይት ባይበልጥ እመርጣለሁ። ይህ ደግሞ አንድ ሆስት ብቻውን ሲታይ ነው። አንዱን ሆስት ለጥገና ባዶ ማድረግ ከፈለጉ፣ በላዩ ያሉትን ቪኤሞች የቀሩት ሁለቱ መሸከም አለባቸው። ሦስት ሆስት ላለው ሰው በእያንዳንዱ ላይ ከ73 ጊጋባይት በላይ ማስቀመጥ ያን ዕድል መዝጋት ነው። መድረሻው ሆስት ላይ ቦታ ሳይኖር የተጀመረ ማይግሬሽን ተሳክቶ ሲያበቃ፣ ከሰዓታት በኋላ እዚያ የነበረ ሌላ ቪኤም ሲገደል ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰው አይኖርም።

ሁለት አቋራጮችን አይሞክሩ። አንደኛው፣ ከርነሉ እንዳይገድላቸው ብሎ ለሁሉም የኪውኢሙ ፕሮሰሶች የኦኦኤም ነጥባቸውን (ሚሞሪ ሲያልቅ ማን ቀድሞ እንደሚገደል የሚወስነውን) ወደ -1000 ማውረድ ነው። ሚሞሪው ያለቀው አልቋልና ከርነሉ ኤስኤስኤችን፣ ሊብቨርትን ወይም ሌላ ለሆስቱ የሚያስፈልግ ነገር ይገድላል። ሁለተኛው፣ በቪኤሙ ኤክስኤምኤል (የቅንብር ፋይሉ) ውስጥ «ሃርድ ሊሚት» የሚለውን የሚሞሪ ገደብ ማስገባት ነው። ኪውኢሙ በትክክል ምን ያህል ተጨማሪ ሚሞሪ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል፣ ገደቡ ራሱ ጤነኛውን ቪኤም ይገድላል። በሎጉ ላይ «ሜሞሪ ሲግሩፕ» የሚል ቃል ካዩ እንዲህ ያለ ገደብ የሆነ ቦታ ተቀምጧል።

ስቶሬጁ ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም በሆነበት ሆስት ላይ ደግሞ ኤአርሲ የሚባለው ካሽ በብዙ የሊኑክስ ስሪቶች እስከ ግማሽ ራም ድረስ እንዲያድግ የተፈቀደለት ነው። ጫና ሲመጣ መቀነስ ቢችልም ሁልጊዜ በቶሎ አይቀንስም። እንዲህ ዓይነት ሆስት ካለዎት ከፍተኛ መጠኑን በግልጽ ይወስኑለት።

ፖዝድ ሆኖ የሚያድረው ቪኤም

ይህኛው አልወደቀም፤ ኪውኢሙ ሆን ብሎ ነው ያቆመው። «ቪርሽ ዶምስቴት» ምክንያቱን የአይኦ (የዲስክ ማንበብና መጻፍ) ስህተት ብሎ ከመለሰ፣ «ቪርሽ ዶምብልክኤረር» ደግሞ የትኛው ዲስክ እንደሆነና ቦታ በማለቁ መሆኑን ይነግርዎታል። ሌላ ካልተመረጠ በስተቀር ኪውኢሙ የሚከተለው ደንብ እንዲህ ነው፦ መጻፍ ያቃተው ቦታ ስላለቀ ከሆነ ቪኤሙን ያቆማል፣ ሌላ ዓይነት ስህተት ከሆነ ለጌስቱ ያሳውቃል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ቦታ ሲገኝ «ቪርሽ ሪዙም» ማለት ብቻ በቂ ነው፣ ጌስቱም ያቆመበትን ጽሑፍ ይቀጥላል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ቪኤም በግድ ዘግቶ ማስነሳት ያለ ጥቅም ያልተጻፈ ዳታ ማጣት ነው።

ቦታው የት ሄደ? ኪውካው2 እያደገ የሚሄድ ፋይል ነው፤ 200 ጊጋባይት ተብሎ የተፈጠረ ዲስክ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። «ኪውኢሙ-አይኤምጂ ኢንፎ» ብለው የሁሉንም ዲስኮች ቨርቹዋል መጠን ይደምሩና ከኤንኤፍኤሱ አቅም ጋር ያስተያዩ። ድምሩ ከበለጠ ጥያቄው ይሞላል ወይ ሳይሆን መቼ ይሞላል ነው። ሌሊት መሆኑ ግን የባክአፕ ስናፕሾትን (ዲስኩ በአንድ ቅጽበት ያለውን መልክ መያዝ) ያስጠረጥራል። ኤክስተርናል ስናፕሾት ሲወሰድ ጌስቱ መጻፍ የሚቀጥለው በአዲስ ፋይል ላይ ነው። ባክአፑ ሲያልቅ ያ ፋይል ወደ ዋናው ተመልሶ መዋሃድ አለበት። ስክሪፕቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ እዚያው ቀርቶ ማደጉን ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ሌሊት ሌላ ይደረብበታል። «ቪርሽ ዶምብልክሊስት» ሲሉ የዲስኩ ስም እርስዎ ከሰጡት የተለየ ቅጥያ ካለው ይህ ሆኗል። መፍትሔው «ቪርሽ ብሎክኮሚት» ከ«--አክቲቭ» እና ከ«--ፒቮት» ጋር ነው። ፋይሉን በእጅ መሰረዝ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከስናፕሾቱ ወዲህ የተጻፈው ዳታ ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ጌስቱ ውስጥ ፋይል ስለሰረዙ ብቻ ኪውካው2 ፋይሉ አያንስም። ዲስኩ ላይ «ዲስካርድ» የሚለው «አንማፕ» ተብሎ ከተዘጋጀና ጌስቱ ውስጥ «ኤፍኤስትሪም» በየጊዜው ከተኬደ ነው ቦታው ለመልቀቅ የሚቀርበው። በኤንኤፍኤስ ላይ ይህ እንዲሠራ ሰርቨሩም ክላየንቱም ስሪት 4.2 መሆን አለባቸው።

ወደፊት ወደ ኤልቪኤም ቲን ፑል (በሚጻፍበት መጠን ብቻ ቦታ የሚሰጥ የዲስክ ክምችት) ከዞሩም ሁለት ቁጥሮችን ይከታተሉ፤ የዳታውንና የሜታዳታውን (የቦታ ድልድሉን መዝገብ) መቶኛ። ሜታዳታው ሲሞላ ጉዳቱ ዳታው ሲሞላ ከሚመጣው የከፋ ነው፣ ፑሉን መጠገን ራሱ አደገኛ ሥራ ይሆናል። ራሱን እንዲያሳድግ የሚያዝዘው ወሰን ሲመጣ 100 ተብሎ ነው፣ ማለትም ተዘግቷል። 80 ላይ ያድርጉትና በ20 በመቶ እንዲያድግ ይፍቀዱለት፤ በቮልዩም ግሩፑ ውስጥ ነፃ ቦታ መኖሩንም አይርሱ።

ከ90 በመቶ በኋላ የሚዞረው ማይግሬሽን

ላይቭ ማይግሬሽን የሚሠራው ሚሞሪን በዙር በመቅዳት ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ይቀዳል። ጌስቱ በዚያ መሃል እየሠራ ስለሆነ የተወሰኑ ፔጆችን ይቀይራል፤ የተቀየሩት በሁለተኛው ዙር ይቀዳሉ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የቀረው መጠን በጣም ሲያንስ ቪኤሙ ለአፍታ ይቆምና የመጨረሻው ቁራጭ ተልኮ በመድረሻው ላይ ሥራውን ይቀጥላል። ያ አፍታ ካልተቀየረ 300 ሚሊሰከንድ ነው።

ይህን በእርስዎ ቁጥሮች እንየው። ባለ 1 ጊጋቢት መስመር በተግባር በሰከንድ ወደ 112 ሜጋባይት ያሳልፋል። 48 ጊጋባይት ለአንድ ዙር ብቻ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ ማለፍ የሚችለው 34 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ማይግሬሽኑ እንዲያልቅ የቀረው ከ34 ሜጋባይት በታች መውረድ አለበት። አሁን ዝውውሩ እየሄደ «ቪርሽ ዶምጆብኢንፎ» ይበሉና «ደርቲ ሬት» የሚለውን መስመር ያንብቡ። የሚቆጠረው በፔጅ ነው፤ አንድ ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው። 40,000 ፔጅ በሰከንድ ካለ ዳታቤዙ በየሰከንዱ 160 ሜጋባይት ገደማ ሚሞሪ ይቀይራል ማለት ነው። የሚቀየረው 160፣ የሚላከው 112። ይህ ዓመት ቢጠብቁትም አያልቅም። 90 በመቶ የሚለው ቁጥርም ወደ ማብቂያው መቅረብን አይናገርም፤ የዙር ቆጣሪው እያደገ የቀረው ሚሞሪ ካልቀነሰ ተስፋ የለውም።

የሚቻሉት መፍትሔዎች እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የቆይታ ገደቡን መጨመር ነው። «ቪርሽ ማይግሬት-ሴትማክስዳውንታይም» ብለው 2000 ሚሊሰከንድ ቢሰጡት የሚፈቀደው ቀሪ ወደ 224 ሜጋባይት ያድጋል። ዝውውሩ እየሄደ ሳለ መቀየር ይቻላል። የደርቲ ሬቱ ከመስመሩ ፍጥነት ትንሽ ሲያንስ ጥሩ ይሠራል፣ ከበለጠ ግን ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው «--ኦቶ-ኮንቨርጅ» ነው፤ ዝውውሩ እንደማይገፋ ሲታይ ኪውኢሙ የጌስቱን ሲፒዩ በ20 በመቶ ይቀንሳል፣ ካልበቃ በ10 በ10 እየጨመረ እስከ 99 በመቶ ይደርሳል። ያልቃል፤ ነገር ግን ዳታቤዙ እስኪያልቅ ድረስ በጣም ይዘገያል፣ አፕሊኬሽኑም ግንኙነቱ የተቋረጠ ሊመስለው ይችላል። ለዌብ ሰርቨር ደህና ምርጫ ነው፣ ሥራ ለበዛበት ዳታቤዝ ግን ሰዓት ተመርጦ ነው።

ሦስተኛው ፖስት-ኮፒ ነው። ቪኤሙ መጀመሪያ ወደ መድረሻው ይሻገርና የጎደሉትን ፔጆች በሚፈልጋቸው ጊዜ ከምንጩ ይስባል። ሁልጊዜ ያልቃል። አደጋው ግን እውነተኛ ነው፤ ከተሻገረ በኋላ የጌስቱ ሚሞሪ በሁለት ሆስት ተከፍሎ ስላለ ከሁለቱ አንዱ ቢወድቅ ቪኤሙ ይጠፋል፣ ተመልሶ የሚነሳው ከዲስክ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ባለ 1 ጊጋቢት መስመር በሚሄድበት በእርስዎ ሁኔታ ለዳታቤዙ አልመክረውም።

ትክክለኛው መፍትሔ ለማይግሬሽን የተለየ ባለ 10 ጊጋቢት መስመር ነው። 48 ጊጋባይቱ በደቂቃ ውስጥ አንድ ዙር ይጨርሳል፤ በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከ300 ሜጋባይት በላይ ያልፋል። ከፍጥነቱ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አሁን ማይግሬሽኑ መስመሩን ሞልቶ ሲሄድ የኤንኤፍኤስ ጽሑፍ የሚጠብቀው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። በሁሉም ጌስት ውስጥ አንድ ፕሮሰስ ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዶ ቆየ የሚል የከርነል ማስጠንቀቂያ ካዩ ምንጩ ይህ ነው። የክላስተር ሶፍትዌር በዚያው መስመር ላይ ካለም የልብ ትርታ መልእክቶቹ ይዘገዩና ጤነኛው ሆስት ሞቷል ተብሎ ሊታጠር (ከክላስተሩ ተለይቶ በግድ ሊዘጋ)፣ በላዩ ያሉት ቪኤሞች ሁሉ ሊነሱ ይችላሉ። ከሩቅ ለሚያየው አንድ ማይግሬሽን ሲጀመር አሥር ቪኤም በአንዴ የወደቀ ይመስላል። መስመሩ እስኪለይ ድረስ «ቪርሽ ማይግሬት-ሴትስፒድ» ብለው ፍጥነቱን ወደ 80 ሜጋባይት መገደብ ሌሎቹን ያድናል፤ ዳታቤዙን ግን ይበልጥ አያስጨርስም።

ሁለት ባለ 1 ጊጋቢት ኬብል በቦንድ (እንደ አንድ መስመር) ማሰር ብዙዎች የሚያስቡት አማራጭ ነው። አንድ የቲሲፒ ግንኙነት ግን በኤልኤሲፒ (በተለመደው የቦንድ ደንብ) ውስጥ በአንዱ ኬብል ብቻ ነው የሚሄደው። ጥቅም ለማግኘት «--ፓራለል» ብለው ብዙ ግንኙነት መክፈት፣ በቦንዱም ላይ የሃሽ ደንቡን ፖርት እንዲያይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ዳታቤዙ ሬፕሊካ (አብሮት የሚታደስ ሁለተኛ ቅጂ) ካለው ደግሞ የእኔ ምርጫ ቪኤሙን አለማዛወር ነው። ሬፕሊካውን በሌላው ሆስት ላይ ወደ ዋናነት ከፍ አድርጎ የቀድሞውን በእርጋታ ዘግቶ ማዛወር፣ በጥድፊያ ሰዓት 48 ጊጋባይት ከማሳደድ ይሻላል።

አዲሱ ሰርቨር ለምን ይከለክላል?

የቪኤሞችዎ የሲፒዩ ሁነታ «ሆስት-ፓስስሩ» ወይም «ሆስት-ሞዴል» (የሆስቱን ሲፒዩ እንዳለ ወይም በቅርበት ለጌስቱ የሚያሳዩ) ሳይሆን አይቀርም። ጌስቱ ሲነሳ ያየውን የሲፒዩ ባሕርይ እስኪጠፋ ድረስ እንዲያገኝ ይጠብቃል። መድረሻው ከባሕርያቱ አንዱ ከጎደለው ሊብቨርት የጎደለውን ስም ጠቅሶ ይከለክላል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው፣ ቢፈቅድ ጌስቱ የሌለ መመሪያ ጠርቶ በመሃል ይወድቃል። አዲስ ሰርቨር ሁሉም የአሮጌው ባሕርይ አለው ማለት አይደለም። ለምሳሌ የኢንቴል ቲኤስኤክስ (የሲፒዩ መመሪያዎች ስብስብ) በ2019 ከተገለጸው የደኅንነት ቀዳዳ ወዲህ በብዙ ቦታ ተዘግቷል። ስለዚህ «ኤችኤልኢ» እና «አርቲኤም» የሚሉ ባሕርያት ማይክሮኮዱ በታደሰ ሆስት ላይ አይገኙም። አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች እንኳ አንዱ ብቻ ሲታደስ እርስ በርስ የማይቀባበሉት በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው የሦስቱ የጋራ የሆነውን ሞዴል መምረጥ ነው። በየሆስቱ «ቪርሽ ዶምኬፓቢሊቲስ» የሚሰጠውን ውጤት በአንድ ፋይል ሰብስበው ለ«ቪርሽ ሃይፐርቫይዘር-ሲፒዩ-ቤዝላይን» ይስጡት፤ ሦስቱም የሚችሉትን ሞዴል በኤክስኤምኤል ይመልስልዎታል። ያንን በሁሉም ቪኤሞች ላይ ያስገቡ። ለውጡ የሚሠራው ግን ቪኤሙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ነው። ከጌስቱ ውስጥ ሪቡት ማለት አይበቃም፣ የኪውኢሙ ፕሮሰሱ ያው የድሮው ስለሆነ። ብዙ ሰው ሪቡት አድርጎ ለውጡ አልሠራም የሚለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ሰርቨር ኤኤምዲ፣ የቆዩት ኢንቴል ከሆኑ ግን በላይቭ አያስቡት፤ ዘግቶ ማዛወር ነው።

ከሲፒዩው ቀጥሎ የማሽን ዓይነቱ (ኪውኢሙ ለጌስቱ የሚያሳየው የማዘርቦርድ ዓይነትና ስሪት) ይመጣል። ከአዲስ የኪውኢሙ ስሪት ወደ አሮጌ መመለስ በአብዛኛው አይሳካም፣ በተቃራኒው ግን ይሄዳል። ስለዚህ ሆስቶቹን ሲያድሱ ሁሉም በአንድ ስሪት ላይ እስኪደርሱ ድረስ በአዲሱ ላይ አዲስ ቪኤም አይፍጠሩ፤ አዲሱን የማሽን ዓይነት ይዞ ከተፈጠረ ወደ ኋላ አይመለስም።

ሌሎች መሰናክሎች

የሲፒዩው ነገር ሲፈታ ከኋላው ተደብቀው የነበሩ ሌሎች ሊወጡ ይችላሉ። በማንኛውም የማይግሬሽን ውድቀት ላይ ልብ ይበሉ፦ ምንጩ ሆስት ሥራው ባልተጠበቀ ሁኔታ አልተሳካም ከማለት በላይ የሚነግርዎት ነገር ላይኖር ይችላል፤ ትክክለኛው ምክንያት ያለው በመድረሻው ሆስት ላይ በቪኤሙ ስም በተከፈተው ሎግ ውስጥ ነው።

ትዕዛዙ በኤስኤስኤች ተቀባይነት አግኝቶ ወዲያው ግንኙነት ከተከለከለ ፋየርዎሉን ይመልከቱ። የማይግሬሽኑ ዳታ የሚሄደው ከቁጥጥሩ በተለየ ፖርት ነው፣ ሊብቨርት ከ49152 እስከ 49215 ያሉትን ይጠቀማል። መድረሻው ስሙን ወደ 127.0.0.1 የሚተረጉም ከሆነ ምንጩ ራሱን ነው የሚደውለው፤ የሆስትስ ፋይሉን ያስተካክሉ። ዝውውሩ ተጀምሮ ከዜሮ ካልተነቃነቀ የኤምቲዩ (አንድ ፓኬት የሚይዘው ከፍተኛ መጠን) አለመጣጣም ይሆናል። ጃምቦ ፍሬም 9000 ካደረጉ «ፒንግ» በ8972 ባይት፣ እንዳይቆራረጥ ተከልክሎ ማለፍ አለበት። ካላለፈ መሃል ያለ ስዊች 1500 ላይ ነው።

ሲዲ ድራይቩ ላይ የተረሳ የአይኤስኦ ፋይል በምንጩ ዲስክ ላይ ካለ መድረሻው አያገኘውምና ዝውውሩ ይወድቃል፤ ያውጡት። የብሪጁ ስም በሁሉም ሆስት አንድ መሆን አለበት። የኪውኢሙ ተጠቃሚ ቁጥርም እንዲሁ፤ በሬድሃት ቤተሰብ 107፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ 64055 ስለሆነ ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ኤንኤፍኤስ ላይ ማሠራት የፈቃድ ስህተት ያመጣል። በፒሲአይ ፓስስሩ የተሰጠ ዕቃ (በቀጥታ የተሰጠው የሆስቱ ካርድ) ያለው ቪኤም በአብዛኛው በላይቭ አይሄድም።

የዲስኩ ካሽ «ነን» ካልሆነ ሊብቨርት ዝውውሩ አደገኛ ነው ብሎ ሊከለክል ይችላል። «--አንሴፍ» የሚለው ምርጫ ይህን ክልከላ ያልፋል፣ አይጠቀሙበት። ሁለቱ ሆስቶች የአንዱን ዲስክ የተለያየ መልክ በየካሻቸው ይዘው ሊገኙ ይችላሉና የሚበላሸው የፋይል ሲስተሙ ነው። ካሹን «ነን» አድርጎ አንድ ጊዜ ማጥፋትና ማስነሳት ይሻላል። ኤንኤፍኤሱም በ«ሃርድ» ማውንት የተደረገ ይሁን፤ «ሶፍት» ከሆነ ስቶሬጁ ለጥቂት ጊዜ ሲደናቀፍ ጌስቱ የዲስክ ስህተት ይደርሰውና ፋይል ሲስተሙን ለንባብ ብቻ ሊያደርገው ይችላል።

ማይግሬሽን መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ በምንጩ ላይ «ስታርት» ከማለትዎ በፊት በመድረሻው ላይ ፕሮሰሱ አለመኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። አንድ ዲስክ በሁለት ሆስት ላይ በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ከባክአፕ በቀር የሚያድነው የለም። ኪውኢሙ ከ2.10 ጀምሮ የምስል ፋይል ላይ ሎክ ይይዛል፣ መጻፊያ ሎክ አላገኘሁም ብሎ ከከለከለዎት ሎኩን ለማስፈታት ሳይሆን ማን እንደያዘው ለማወቅ ይሞክሩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቪኤም ከጠፋ

ሚሞሪውን አስተካክለውም ውድቀቱ ከቀጠለ፣ የወደቁትን ቪኤሞች በሆስት ይመድቧቸው። የተለያዩ ቪኤሞች በአንድ ሆስት ላይ ብቻ ከወደቁ የሃርድዌር ጉዳይ ነው። «ራስዴሞን»ን (የሃርድዌር ስህተት መዝጋቢውን) አስገብተው የሚሞሪ ስህተት መቁጠሩን ይመልከቱ፣ የሰርቨሩን የማኔጅመንት ካርድ የክስተት መዝገብም ያንብቡ። አንድ ቪኤም ብቻ የትም ሆስት ላይ ቢሆን ከወደቀ ችግሩ ውስጡ ነው፤ ጌስቱ ላይ «ኬደምፕ» (ከርነሉ ሲወድቅ ሚሞሪውን የሚቀዳውን) ይክፈቱ፣ በኤክስኤምኤሉም የ«ኦን ክራሽ» ምርጫውን «ኮርደምፕ-ሪስታርት» ያድርጉና ውድቀቱን ለሆስቱ የሚያሳውቀውን የ«ፒቪፓኒክ» ዕቃ ይጨምሩ። ሲወድቅ የሚሞሪው ቅጂ በሆስቱ ላይ ይቀራል፤ ቅጂው የጌስቱን ሚሞሪ ያህል ቦታ ስለሚፈልግ አስቀድመው ያዘጋጁለት።

ጌስቱ ሲፒዩ ለ22 ሰከንድ ተጣብቆ ቆየ የሚል መልእክት ከጻፈ ግን የጌስቱን ከርነል አይውቀሱ። «ቶፕ» ላይ «ኤስቲ» የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ። በተከታታይ ከፍ ያለ ከሆነ ሆስቱ ሲፒዩ አልሰጠውም ማለት ነው፣ የቪሲፒዩዎቹ ድምር ከእውነተኛዎቹ ኮሮች ጋር ሲነጻጸር በዝቷል።

ዛሬ ማታ ባክአፑ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ቢሠሩ ይበቃል፤ በየሆስቱ የተመደበውን ሚሞሪ ደምረው ከ110 ጊጋባይት በታች ማውረድ፣ በኤንኤፍኤሱም ላይ የተረሱ ስናፕሾቶችን ማዋሃድ። ማዋሃድ ራሱ ዲስክና መስመር ስለሚወስድ አንድ በአንድ ያድርጉት። የሲፒዩ ሞዴሉን ለውጥ ደግሞ ቪኤሞቹ ለሌላ ምክንያት በሚጠፉበት የጥገና ሰዓት ያስገቡት። ሌሊቱ ሳይረጋጋ ዳታቤዙን ለማዛወር አይሞክሩ። ከዚያ በኋላም የሚወድቅ ካለ የሁለቱን ሆስት የኪውኢሙ ሎግ፣ የ«ዶምጆብኢንፎ» ውጤትና የቪኤሙን ኤክስኤምኤል አብረው ይላኩ፤ ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው።